ውትድርናን የሚመርጥ ወጣት ምን ቆጥሮ ይምረጥ?

በዚህ ጽሑፍ «እኛ» እያልን የምንናገረው ለዓምዱ ልማድ ብለን ነው እንጂ፣ የምንተርከው በአንድ መቶ አለቃ ቤት፣ በአንድ ረከቦት ዙሪያ የተነሣ ክርክር ነው። ይሁንና ይኸው ክርክር በብዙዎቻችሁ ቤት ተነሥቶ እንደሚያውቅ፣ ካልተነሣም ነገ ሊነሣ እንደሚችል ስለምናምን፣ ከጓዳችን አውጥተን ልናቀርበው ወደድን። ባለቤታችንም ፈቅዳለች፤ የፈቀደችውም «እኔ ያልሁትን ሳትቆርጥ ከጻፍህ» በሚል ውል ነው። ውሉን ለማክበር ሞክረናል።

ነገሩ የሆነው በመስቀል ሰሞን ነው። የባለቤታችን ታናሽ ወንድም አንዲት የትከሻ ቦርሳ አንጠልጥሎ ከጦር ሰፈሩ በር ደረሰ። ልጁ 19 ዓመቱ ነው። 12ኛ ክፍልን ጨርሷል፤ የፈተናው ውጤት ግን ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልሆነለትም። ከደብረ ማርቆስ አካባቢ ሲነሣ ለአባቱ የነገረው «እኅቴን ልጠይቅ» ብሎ ነው። በማግሥቱ እሑድ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀርብ፣ ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ፦

«ጋሼ፣ ወታደር ልሆን ነው። የምዝገባው ማስታወቂያ ወጥቷል። ምን ትመክረኛለህ?» አለን።

አንባቢ እንደሚያውቀው፣ የተሰጠን የሥራ ድርሻ የሠራዊቱን አባላት ስለ ዓላማቸውና ስለ ግዳጃቸው ማስተማር ነው። በወታደራዊ አካዳሚ የሠለጠንን፣ ከተመረቅንም ወዲህ በየመድረኩ የቆምን ስለሆንን፣ ስለ ውትድርና ክብር ለመናገር ወረቀት አያሻንም። ስለዚህ ጉሮሯችንን ጠርገን ስለ ሰንደቅ ዓላማው፣ ስለ አባቶች ተጋድሎ፣ ስለ ትውልድ አደራ መናገር ጀመርን። ገና ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ሳንጨርስ ባለቤታችን ማራገቢያዋን መሬት አስቀመጠችና፦

«ይህ ለሰልፍ የሚነገር ነው፤ ለሰልፍ ደኅና ነው። እሱ ግን ሰልፍ አይደለም፤ ወንድሜ ነው። ለአንድ ሰው እንደሚነገር አድርገህ ንገረው» አለችን።

ዝም አልን። ዝም ያልነው በመናደድ አልነበረም፤ የምንለው ስለጠፋን ነበር። ለአንድ ሺህ ሰው የምንለውን ለአንድ ሰው፣ ያውም ወጥ አብሮን ለሚበላ ልጅ፣ እንዴት እንደምንለው አልተዘጋጀንበትም ነበር።

ስለዚህ መናገሩን ትተን ጠየቅነው፦ «ለምን ትገባለህ?»

ልጁም ሳይደብቅ ሦስት ምክንያት ሰጠን። ሥራ የለም፤ ይህ አንደኛው ነው። ሁለተኛው የመለዮው ግርማ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሁለት ጓደኞቹ መመዝገባቸው ነው።

እንጀራ ፍለጋ ወደ ውትድርና መግባት ነውር አይደለም። ከዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መካከል የአባቱ አንድ ጥማድ መሬት ለአራት ወንድማማች አልበቃ ብሎት የመጣ ስንት አለ! ደሞዙ በየወሩ ይመጣል፤ ምግቡ፣ ልብሱና ሕክምናው አለ፤ ከደሞዙ ለእናቱ የሚልክ ልጅ ቤቱን ያቆማል። ይህን የሚንቅ ሰው ተርቦ የማያውቅ ሰው ነው። ነገር ግን ለልጁ እንዲህ አልነው፦ እንጀራ ብቻ ፈልጎ የገባ ወታደር፣ እንጀራው ዘግይቶና ቀዝቅዞ በደረሰበት ቀን የገባበት ምክንያት አብሮ ይቀዘቅዝበታል። እንዲህ ያለው ቀን ደግሞ ብዙ ነው።

ስለ መለዮው ግርማ ስንደርስ ግን የራሳችንን ኃጢአት መናዘዝ ግድ ሆነብን። እኛም አካዳሚ የገባነው በጎረቤታችን መኮንን ሱሪ ምክንያት ነው። ካውያ የወጣበት የሱሪው መሥመር እንደ ቢላዋ ስለት ቀጥ ብሎ ሲታየን፣ ይህን የለበሰ ሰው ምንም አይቸግረውም ብለን እናምን ነበር። በሥልጠናው የመጀመሪያ ወር፣ ተረከዛችን በጫማ ተልጦ፣ ሌሊት ካልሲያችንን ከቁስሉ ላይ በውኃ እያራስን ስናላቅቅ፣ ያ መኮንን ለምን ስለ ተረከዙ እንዳልነገረን ገረመን። የመለዮ ግርማ ለሚያየው ነው፤ የለበሰው ሰው የሚያውቀው ላቡን ነው።

ስለ ጓደኞቹ የምንለው አጭር ነበር። አብረው ይመዘገባሉ፤ ከሥልጠናው በኋላ ግን አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ደቡብ ይመደባል። ለጓደኛ ብሎ የገባ ሰው በስድስት ወሩ ብቻውን ይቀራል።

ልጁ ስኒውን አስቀመጠ። «እንግዲህ ምን ቀረ?» አለን።

መልካም ጥያቄ ነበር። መልሱን በቃል ከምንሰጠው በዓይኑ ቢያየው ይሻላል ብለን፣ አለቃችንን አስፈቅደን በማግሥቱ ይዘነው ዞርን።

በመጀመሪያ የወሰድነው ወደ ጋራዡ ነው። አንድ ሃምሳ አለቃ ከጭነት መኪና ሥር ተኝተው ማርሽ ያወርዳሉ፤ ሁለት ልጆች ቁልፍ እያቀበሉ ይማራሉ። ቀጥለን ወደ ክሊኒኩ ሄድን፤ ነርሷ የአንድ ወታደር ልጅ ትከትባለች። ሬዲዮ ክፍሉን በመስኮት፣ ወጥ ቤቱን በበሩ አሳየነው። ብዙ ሰው ውትድርናን ተኩስ ብቻ አድርጎ ያያል። ለአንድ ተኳሽ ግን ስንት ሹፌር፣ ስንት ወጥ ሠሪ፣ ስንት ሐኪም፣ ስንት ሒሳብ ሠራተኛ እንደሚያስፈልግ የሚገባው ጦር ሰፈር ውስጥ የዋለ ሰው ነው። ሠራዊት ትምህርት ቤት ነው የምንለውም ስለዚህ ነው።

ይህም በእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት ሲከፈት፣ የታሰበው በዘመናዊ ትምህርት የታነጸ መኮንን ለማፍራት ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ወረራው ደረሰ፤ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ በ1928 ዓ.ም. በምዕራብ ኢትዮጵያ ከተቋቋመው ከጥቁር አንበሳ የአርበኞች ማኅበር ጋር ተሰልፈዋል። በ1950ዎቹ ዓመታት ደግሞ የሐረር ጦር አካዳሚ በሕንድ መኮንኖች መምህርነት ዕጩ መኮንኖችን ከጦር ሙያ ጋር የቀለም ትምህርት ያስተምር ነበር።

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የጨረሰው አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር እንደነበረ ልጁ ያውቃል፤ በትምህርት ቤት ተምሮታል። ያላሰበው ነገር ግን አለ። አበበን ለዚያ ያበቃው የገዛ ጉልበቱ ብቻ ሳይሆን፣ በጦር ክፍሉ ውስጥ ያገኘው ሥልጠናና ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ጭምር ነበሩ። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድም ድምፃቸው አገር ያወቀው በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ሳሉ ነው። ሁሉ ሰው አበበ፣ ሁሉ ሰው ጥላሁን አይሆንም፤ ነገር ግን በውስጡ ያለውን ሳያውቀው የመጣ ስንቱ ልጅ በሰልፍ ሜዳ ላይ ራሱን አግኝቷል።

ማታ ስንመለስ ስለ ሁለተኛው ምክንያት ነገርነው፤ ይህኛው የሚታይ ስላልሆነ የራሳችንን ታሪክ መተረክ ነበረብን።

በአካዳሚ ሳለን በሦስተኛው የሌሊት ጉዞ ላይ ዝናብ ያዘን። ከኋላችን የነበረው ዕጩ መኮንን ከጅግጅጋ አካባቢ የመጣ፣ አማርኛው ገና ያልተፈታ ልጅ ነበር። ወገቡን አሞት ሬዲዮውን ተሸክሞ መራመድ አቃተው። አሠልጣኙ አየና አንድም ቃል ሳይናገር አለፈ፤ ምን እንደምናደርግ ሊያይ ነበር። ከዚያ አንዱ ሬዲዮውን፣ አንዱ ጠመንጃውን፣ አንዱ ኮዳውን፣ አንዱ ብርድ ልብሱን ወሰደ። እንደምታውቁት «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላል። እኛ ይህን ተረት በልጅነታችን መቶ ጊዜ ሰምተን ነበር፤ የገባን ግን በዚያች ሌሊት፣ ሬዲዮው በትከሻችን ላይ ሆኖ ነው። ሁለት ወር ቆይቶ ወባ ሲጥለን፣ አልጋችን አጠገብ ተቀምጦ ሾርባውን በማንኪያ ያጎረሰን ያው የጅግጅጋ ልጅ ነበር። አማርኛው ያኔም አልተፈታም፤ ማንኪያው ግን አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በ87ኛው አንቀጹ፣ ሠራዊቱ የአገሪቱን ሕዝቦች ሚዛናዊ ተዋጽኦ የያዘ፣ ተግባሩንም ከማናቸውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ የሚያከናውን እንዲሆን ይደነግጋል። ይህን አንቀጽ በየክፍሉ ስናስተምር ቆይተናል። አንቀጹ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በተግባር የሚፈተነው ግን በአንድ ድንኳን ውስጥ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ በማያውቅበት ሌሊት ነው። በአንድ መንደር ተወልዶ በዚያው የሚያረጅ ሰው አገሩን በስም ያውቃታል፤ ወታደር ግን አገሩን በጎኑ ከተኛው ሰው ፊት ላይ ያውቃታል።

ሦስተኛው ምክንያት ከአገር ድንበር ያልፋል። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በየተራ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ120 በላይ ጓዶቻቸውን በዚያ ምድር አጥተዋል፤ በጠላት እጅ የተማረከ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ይህን ጀግንነት ሁላችን እንናገራለን። እኛ ለልጁ የነገርነው ግን ብዙ ጊዜ የማይነገረውን ነው። እነዚያው ወታደሮች በዶንግዱቾን ከተማ ጦርነቱ ወላጅ አልባ ያደረጋቸውን ሕፃናት ሰብስበው የሚያሳድግ ቤት እንዲቋቋም አድርገዋል። በ1960 ዓ.ም. በቹንቾን ከተማ የመታሰቢያ ሐውልት የቆመላቸው ለተኩሳቸው ብቻ አይመስለንም። ከዚያም ወዲህ የአገራችን ወታደሮች ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮንጎ፣ በ1986 ዓ.ም. ወደ ሩዋንዳ፣ በ2003 ዓ.ም. ወደ አብዬ በሰላም አስከባሪነት ሄደዋል። የሌላውን አገር እናት ከእርሻዋ በሰላም እንድትመለስ መጠበቅ፣ ለአንድ የገበሬ ልጅ ትንሽ ሥራ አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ባለቤታችን ዝም ብላ ታዳምጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ተራው የእርሷ ሆነ፤ በውላችን መሠረት ቃሏን ሳንቆርጥ እንጽፋለን።

«ይህ ሁሉ እውነት ነው። የቀረውን ደግሞ እኔ ልንገርህ። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ከተማ ኖሬአለሁ። ጎረቤቴን ለምጄ ስጨርስ ጓዜን እጠቀልላለሁ። ልጄን የወለድሁት ጋሼህ ግዳጅ ላይ ሳለ ነው፤ ሌሊት ሆስፒታል ያደረሰችኝ የጎረቤቴ የአሥር አለቃው ሚስት ናት። እሱ ልጁን ያየው በሦስተኛው ወር ነው። ስልክ ሲጠራ ሌላ ሰው ‹ማን ይሆን?› ይላል፤ እኔ ‹ምን ሆነ?› እላለሁ። ውትድርና የሚገባው አንድ ሰው አይምሰልህ። ቤቱ በሙሉ ነው የሚዘምተው። አንተ ነገ ስትፈርም እናታችንም አብራ ትፈርማለች፤ እርሷን ግን ማንም አልጠየቃትም።»

ለዚህ መልስ አልነበረንም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው የሰሜኑ ጦርነት አብረውን የተመረቁ የኮርስ ጓደኞቻችንን ቀብረናል። በአንድ አገር ልጆች መካከል የተደረገ ጦርነት ነበርና፣ ሐዘኑም የገባው በሁለቱም ወገን ቤት ነው። ለአንዱ ጓደኛችን ባለቤት መርዶ ያደረስነው እኛ ነን። በሩን ስናንኳኳ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ እኛን አይታ ምንም ሳንናገር የያዘችውን እርጥብ ሸሚዝ አጣጥፋ አስቀመጠችው። ስለ ውትድርና ለወጣት የሚናገር ሰው ይህን ሸሚዝ ከንግግሩ ውስጥ ካወጣው ንግግሩ ሐሰት ነው። ለልጁም ነገርነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የልጁ አባት የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ልጅ ከአባቱ ተሰውሮ ከእኛ ቤት እንዲፈርም ስላልወደድን ስልክ ደወልን። አማታችን በስልክ ብዙ አይናገሩም። «ቅዳሜ እመጣለሁ» አሉና ዘጉት።

አማታችን በሰፈራቸው እስከ ዛሬ «ሃምሳ አለቃ» ተብለው ይጠራሉ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲገባ በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው ወደ ምሥራቅ ዘመቱ፤ ከዚያም በመደበኛው ጦር ቀርተው እስከ 1983 ዓ.ም.፣ ያ ሠራዊት እስከተበተነበት እስከ ግንቦት ወር ድረስ፣ አሥራ አራት ዓመት አገልግለዋል። ቅዳሜ ከአውቶቡስ ወርደው ከበሩ ሲደርሱ ልንቀበላቸው ወጥተን ነበር። ዘቡ መታወቂያቸውን ጠየቃቸው። አውጥተው ሰጡት፣ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «ማንገቻህ ላልቷል፣ ልጄ» አሉት። ዘቡም ማንገቻውን አጠበቀ። ማን እንደሆኑ አልጠየቃቸውም፤ ገብቶታል።

ቤት ገብተው፣ እግራቸው ታጥቦ፣ እህል ቀምሰው ሲያበቁ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀመጡት። እኛ ቁጣ ነበር የጠበቅነው። እሳቸው ግን እስከዚያ ቀን ለልጆቻቸው ነግረው የማያውቁትን አወጉ።

በ1983 ዓ.ም. ከከረን ተነሥተው ወደ ከሰላ በእግራቸው ሲጓዙ አራት ነበሩ። አንደኛው እግሩን ቆስሏል። ብርድ ልብስ በሁለት እንጨት ወጥረው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ በተራ ተሸከሙት። ጫማቸው በመንገድ አለቀ። ከዚያ በስደተኛ ካምፕ፣ ከዚያም በሌላ ሰው እርሻ ላይ በቀን ሥራ ቆይተው ከመንደራቸው የደረሱት ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ ነው። እቤት ሲገቡ ባለቤታቸውን ጥቁር ለብሰው አገኟቸው። ሞቷል ተብሎ፣ ለቅሶው ተለቅሶ፣ ተዝካሩ ወጥቶ ነበር።

ባለቤታችን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቆይታም፦ «አባባ፣ ያን ሁሉ ችለው፣ ዛሬ ልጅዎን እሺ ሊሉት ነው?» አለቻቸው።

«እሺም እንቢም አላልሁም» አሉ። «የሆነውን ልንገራችሁ። ያን ቁስለኛ ስንሸከም ደሞዝ የለም፤ አዛዥ የለም፤ ጦሩም የለም። ትተነው ብንሄድ የሚጠይቀን አልነበረም። ማንም አላዘዘንም። ግን አልተውነውም። ይህን እናቴ ቤት ሳለሁ አላውቀውም ነበር፤ የተማርሁት እዚያው ነው። ሰውዬው ዛሬም አለ፤ ልጅ ሲድር ይጠራኛል። ማዕረጌን ወሰዱት፣ ጡረታዬ ቀረ፤ ይህን ግን የሚወስድብኝ አልተገኘም።»

እኛ ለአንድ ሳምንት በጋራዥ፣ በክሊኒክና በታሪክ ስንፈልገው የነበረውን መልስ አማታችን በጥቂት ቃል ተናገሩት። ደሞዝ ሊዘገይ፣ መለዮ ሊያረጅ፣ ሠራዊትም ሊበተን ይችላል፤ ይህ በታሪካችን ታይቷል። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ በሰውየው ላይ የሚቀር ነገር ካለ፣ ለመግባት የሚበቃው ምክንያት እርሱ ነው፦ ሌላ ሰው ሊተማመንበት የሚችል ሰው መሆን።

ቀጥለውም ለልጃቸው ሦስት ነገር አዘዙት።

«አንደኛ፣ ወድደህ ግባ እንጂ ተናድደህ አትግባ። በፈተና ወድቀህ፣ በመንደር ሰው አፍረህ የምትሄድ ከሆነ አትሂድ። አሁን ከእኔ ጋር ተመለስ፤ ጤፉን አጭደህ፣ ወቅተህ፣ ጎተራ አግባ። ከዚያ በኋላ ልብህ ያው ከሆነ መርቄ እሸኝሃለሁ።

«ሁለተኛ፣ ሙያ ያዝ። እኔ አሥራ አራት ዓመት መትረየስ ተሸክሜ ስመለስ፣ በመንደራችን መትረየስ የሚያሠራኝ ሰው አልነበረም። ሹፌር የነበረው ጓደኛዬ ግን በሳምንቱ ሥራ አገኘ። ሹፌርም ሁን፣ ሐኪምም ሁን፣ መካኒክም ሁን፤ ከካምፕ ውጭ የሚያኖርህን አንድ ነገር ሳትይዝ አትውጣ።

«ሦስተኛ፣ ያለህበትን እናትህ ትወቅ። እኔ ለእናትህ የክፍሌን ስም እንኳ ነግሬአት አላውቅም ነበር። ልትጠይቅ ብትሄድ ማንን ትጠይቅ? ወረቀት ላይ ስሟ የለም። ስትገባ ያንተን ስም ብቻ አይደለም፤ የእርሷንም አስጽፍ።»

ይህ ሦስተኛው ትእዛዝ ለልጁ የተነገረ ነበር፤ የነካው ግን እኛን ነው። ባለቤታችን ብድግ አለችና ወረቀቶቻችንን ከምናስቀምጥበት ሳንዱቅ አጠገብ ቆመች። «የኛስ?» አለችን። «አንተ አንድ ነገር ብትሆን የሚጠሩት ማንን ነው?»

«አንቺን ነዋ!» አልናት። ስንናገር ግን ልባችን ጥርጥር ገባው። ሰኞ ጠዋት ወደ አስተዳደር ክፍል ሄደን የግል ማኅደራችንን አስወጣን። አደጋ ቢደርስብን ማን እንደሚጠራና ወራሻችን ማን እንደሆነ የሚገለጽበት ቅጽ፣ አካዳሚ በገባንበት ዓመት በራሳችን እጅ እንደተሞላ ተቀምጧል። በላዩ ላይ ያለው የእናታችን ስም ነው። እናታችን በ2012 ዓ.ም. ዐርፈዋል። የባለቤታችን ስም በማኅደሩ ውስጥ የለም፤ የልጃችንም የለም። ሌላውን ስለ ኃላፊነት የምናስተምር መኮንን፣ ብንሞት መርዶው የሚላክለት ሰው በሕይወት የሌለ ነበር። ልብስ ታሰጣ የነበረችው የጓደኛችን ሚስት ትዝ አለችን። ለእርሷ ቢያንስ በሩን የሚያንኳኳ ሰው አድራሻዋን አግኝቷል።

ቅጹን ቀይረን ለመሙላት የፈጀብን ሩብ ሰዓት ነው። ጸሐፊው አሥር አለቃ ማኅተሙን እያሳረፈ «መቶ አለቃ፣ እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ ግማሹ ማኅደር እንዲሁ ነው» አለን። ይህን ቃል ከሰማን ወዲህ ነው ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የቆረጥነው።

ልጁ ከአባቱ ጋር ተመልሷል። አሁን የመኸር ወቅት ነው፤ በስልክ ስንጠይቀው እጁ በማጭድ እንደተላጠ ይነግረናል፤ እኛም ለተረከዙ ጥሩ ልምምድ ነው እንለዋለን። ጥር ሲገባ ወይ ይመጣል፣ ወይ ይቀራል። ከመጣ በደስታ እንቀበለዋለን፤ ወደ መካኒክነት ሥልጠናም እንዲያመለክት እንመክረዋለን። ከቀረና ሌላ ሥራ ከያዘም ለአገሩ አልሠራም የሚለው የለም። ውትድርና በጥድፊያ የሚገቡበት፣ በኀፍረትም የሚሸሹበት ሙያ እንዲሆን አንፈልግም።

የዚህ ዓምድ አንባቢዎች ግን ጥርን መጠበቅ የለባችሁም። በቤታችሁ «ወታደር ልሁን?» የሚል ልጅ ካለ፣ ከመድረክ የሚነገረውን ለመድረክ ትታችሁ፣ ያያችሁትን ንገሩት፤ እናቱንም አስቀምጣችሁ ንገሩት። ባለትዳር ወታደሮችም በዚህ ሳምንት አንድ ጠዋት ወደ አስተዳደር ክፍል ጎራ በሉና ማኅደራችሁን አስወጥታችሁ እዩት። ወይዘሮዎችም ማታ ባላችሁን «በወረቀቱ ላይ ያለው የማን ስም ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እንደኛ «አንቺን ነዋ!» ብሎ ቶሎ የሚመልስ ባል ካጋጠማችሁ፣ እስኪያሳያችሁ ድረስ አትመኑት።